ዶማ ቅጣት አይደለም

ዛሬ ጽሑፌ ትንሽ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉና አንብቡት።

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ትምህርት ቤት እያላችሁ ዶማ በእጃችሁ የያዛችሁት መቼ ነው? የብዙዎቻችሁን መልስ አውቀዋለሁ። ያረፈዳችሁ ቀን ነው። ወይ ዩኒፎርም ሳትለብሱ የመጣችሁ ቀን፣ ወይ ክፍል ውስጥ የረበሻችሁ ቀን። «ና አንተ፣ ያን ዶማ አምጣ! ከዚህ እስከዚያ ቆፍር!» ሴቶቹ ደግሞ «ሣሩን ንቀሉ፣ አበባውን ውሃ አጠጡ» ይባላሉ። ጓደኞቻችሁ በመስኮት እያዩ ይስቃሉ። እናንተ ደግሞ አንገታችሁን ደፍታችሁ ትቆፍራላችሁ።

ይሄ በአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ያለ ነገር አይደለም። ከከተማ እስከ ገጠር የተለመደ ነው። ማንም ክፋት አስቦ አያደርገውም፤ እንደውም «ከመገረፍ ይሻላል» ተብሎ ነው። እውነት ነው፣ ከመገረፍ ይሻላል። ግን ሳናስበው ለልጁ አንድ ትምህርት እያስተማርነው ነው፤ አፈር መንካት ያጠፋ ሰው ሥራ ነው እያልነው። ይሄን ትምህርት ልጁ ከባዮሎጂውም ከሒሳቡም በላይ አይረሳውም።

በዚህ ላይ ሌላ አባባል አለችን። «አጥኑ! አለበለዚያ የሚጠብቃችሁ ዶማ ነው።» እንዴ! ይሄን የምንለው እኮ ለቦሰት ገበሬ ልጅ ነው። ደብተሩም፣ ዩኒፎርሙም፣ የቤት ኪራዩም አባቱ ካመረተው ጤፍና ቦሎቄ የመጣ ነው። ልጁ ዶማን እንዲንቅ ስንነግረው አባቱን እንዲንቅ እየነገርነው ነው።

አሁን ሌላ አገር ልውሰዳችሁ። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በሰባት አካባቢዎች አንድ ፕሮግራም ተሞክሯል። ጭንቀት ወይም ድብርት ያለበት ሰው ወደ ጤና ባለሙያ ሲሄድ፣ እንደ ሁኔታው ከሌላው ሕክምና ጋር ወደ ተፈጥሮ የሚያወጣው ነገር ይታዘዝለታል። ከሚታዘዙት ነገሮች አንዱ ከሰፈር ሰዎች ጋር በጋራ መሬት ላይ አትክልት መትከል ነው። አያችሁ? እዚያ ለታመመ ሰው በመድኃኒትነት የሚታዘዘው ነገር እዚህ ላረፈደ ልጅ በቅጣት ይሰጣል። የኔ ነጥብ ይሄው ነው። ጓሮ ለሕፃኑም፣ ለወጣቱም፣ ለጡረተኛውም ጤና ነው። እኛ ግን ገና በልጅነቱ ሰውን ከዚህ ጤና እናስኮርፈዋለን።

«ጤና ነው ስትል ማስረጃህ ምንድነው?» ለሚለኝ፣ በየዕድሜው ላስረዳ።

ከልጆች እንጀምር። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነቱን የሚያንቀሳቅስ ነገር እንዲሠራ ይመክራል። ድሮ ይሄ ምክር ለኛ ቀልድ ነበር፤ ከብት ስንጠብቅ፣ ውሃ ስንቀዳ፣ ኳስ ስንራገጥ ነው ያደግነው። አሁን ግን በከተማችን ሳይቀር ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ስልክ ይዞ ይቀመጣል። ዓይኑስ? በቻይና ጓንግዡ ከተማ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት አለ። የአንደኛ ክፍል ልጆችን በትምህርት ቀን ተጨማሪ 40 ደቂቃ ደጅ እንዲያሳልፉ አደረጓቸው። ከ3 ዓመት በኋላ ደጅ ከዋሉት ልጆች መካከል የሩቁን አጥርቶ ያለማየት ችግር የጀመራቸው ከ100 ወደ 30 ነበሩ፤ ካልዋሉት ደግሞ ወደ 40። መድኃኒት የለው፣ መነጽር የለው፤ ደጅ መዋል ብቻ። ጓሮ ደግሞ ልጅን ደጅ ለማዋል ጥሩ ሰበብ ነው።

ሌላው ምግብ ነው። «ጎመን አልበላም» የሚል ልጅ ያላችሁ እናቶች ታውቁታላችሁ። ያንኑ ልጅ አንድ የካሮት መደብ ስጡት። ራሱ ዘርቶ፣ ራሱ አጠጥቶ፣ ራሱ ሲነቅለው ታያላችሁ፤ አፈሩን ጠረግ አድርጎ ይበላዋል (ኧረ በውሃ ይታጠብ በሉት!)። ካሮት፣ ፓፓያና እንደ ጎመንና ቆስጣ ያሉ ቅጠላ ቅጠሎች ሰውነት ቫይታሚን ኤ የሚያገኝባቸው ናቸው፤ ለዓይንም በሽታን ለመቋቋምም የሚያስፈልግ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ ይመክራል። በኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ዳሰሳ ግን ከ100 አዋቂ ሰው ከ95 በላይ የሚሆነው ከዚህ መጠን በታች ነው የሚበላው። እንጀራው አለ፣ ሽሮው አለ፤ ቅጠሉ ነው የጠፋው።

ወደ ወጣቶቹ እንሂድ። እዚህ ጋ ልቤ ይከብዳል።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤትን ታስታውሳላችሁ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ቁጥሩን ለሚያነብ ሰው ቁጥር ነው። ለኔ ግን ፊቶች ናቸው። ከ100 ልጅ ዘጠና ምናምኑ «ወደቅኩ» ብሎ ቤቱ ገባ። በሩን ዘግቶ የተኛ አለ። ጫት ቤት የጀመረ አለ። ወደ አረብ አገር የሄደች፣ በጅቡቲ መንገድ የወጣ አለ። ለነዚህ ልጆች ለ12 ዓመት «ካልተማርክ ዶማ ይጠብቅሃል» ስንል ኖረን፣ ዛሬ «ለምን ሥራ አትፈጥሩም? ለምን አትክልት አታመርቱም?» እንላቸዋለን። በምን አፋችን? ዶማ የሽንፈት ምልክት ነው ብለን ያስተማርናቸው እኛው ነን።

እንዳትሳሳቱብኝ። ለወደቀ ልጅ «ቆስጣ ትከልና ይለፍልህ» እያልኩ አይደለም። የ3 ካሬ ሜትር መደብ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አይተካም፣ ሥራም አይተካም። እኔ የምለው ስለ ጭንቅላቱ ነው። ድብርት ውስጥ ያለ ወጣት ትልቁ ችግሩ «የማደርገው ነገር ሁሉ ለውጥ አያመጣም» የሚል ስሜት ነው። ዓመት ሙሉ አጥንቶ ውጤቱ በአንድ ቀን ዜሮ ሆነበት። ጓሮ ላይ ግን ዛሬ ውሃ ያጠጣው ሰኞ በቅሎ ያየዋል። ሰላጣ በሁለት ወር ገደማ ይደርሳል። ቆስጣ ቅጠሉን ሲቆርጡት መልሶ ያወጣል። ትንሽ ነገር ናት፣ ግን «እጄ ይሠራል» ትለዋለች። ጠዋት ከአልጋው የሚያስነሳው ምክንያት ትሆነዋለች።

(ሐዘኑ የበረታበት፣ እንቅልፍና ምግብ የተወ፣ «መኖር ሰለቸኝ» የሚል ልጅ ካለ ግን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ያ የጓሮ ብቻ ጉዳይ አይደለም።)

አዋቂዎቹስ? የኛ ጭንቀት መቼ አነሰና! ኑሮ ውድነቱ አለ፣ የቤት ኪራዩ አለ፣ የመንገዱ ሥጋት አለ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ በኩል መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ስንት ሌሊት በድንጋጤ ነቅተናል። በሆላንድ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት ደስ ይለኛል፣ ቀላል ስለሆነ። 30 አትክልተኞችን መጀመሪያ በከባድ የአእምሮ ሥራ አስጨነቋቸው። ከዚያ ግማሾቹ ለ30 ደቂቃ ጓሮ ሠሩ፣ ግማሾቹ ቤት ውስጥ አነበቡ። በሁለቱም ወገን ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን ቀነሰ፤ ጓሮ በሠሩት ላይ ግን ይበልጥ ቀነሰ። ስሜታቸውም ሙሉ በሙሉ ተመለሰ። መጽሐፍ የሚወድ አስተማሪ ሆኜ ይሄን ስጽፍ ትንሽ ያመኛል፣ ግን ውጤቱ ውጤት ነው።

ትንሽ ናቸው ካላችሁ ሌላ ልጨምር። በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ 291 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2023 ታትሟል። ከዚያ በፊት ጓሮ የማይሠሩ ሰዎች ናቸው። በዕጣ ተከፍለው ግማሹ የጋራ አትክልት ቦታ ተሰጠው፣ ግማሹ ተራ እንዲጠብቅ ተደረገ። አትክልት የሠሩት ከሌሎቹ ይልቅ አሰር ያለው ምግብ መብላት ጀመሩ፣ በሳምንት ወደ 40 ደቂቃ የሚጠጋ ተጨማሪ እንቅስቃሴ አደረጉ፣ ጭንቀታቸውም ቀነሰ። ደም ግፊትና ስኳር በየቤቱ በገቡበት በዚህ ዘመን ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ለአዋቂ ሰው በሳምንት የሚመከረው ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው። መቆፈር፣ መኮትኮት፣ ውሃ መሸከም ከዚያ ውስጥ ይቆጠራል። ለጂም የሚከፈል ብር ለሌለን ለመምህራን ጥሩ ዜና ነው!

አሁን ወደ ትልልቆቹ ልምጣ፤ ጋሼዎቹና እትዬዎቹ። ሰው ጡረታ ሲወጣ የሚያጣው ደመወዝ ብቻ አይደለም። «ዛሬ ምን እሠራለሁ» የሚለውን መልስ ነው የሚያጣው። በአውስትራሊያ ደቦ በምትባል ከተማ አካባቢ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 2,805 ሰዎችን ለ16 ዓመት ተከታተሏቸው። በየቀኑ ጓሮ የሚሠሩት በእርጅና የሚመጣው የመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ36 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እዚህ ላይ አስተማሪ ነኝና ልጠንቀቅ። ጓሮ ጤነኛ አደረጋቸው ወይስ ጤነኛ ስለሆኑ ጓሮ ሠሩ የሚለውን ይሄ ጥናት ብቻውን አይወስንም። ግን ሰፈራችሁን ተመልከቱ። ጠዋት ተነስተው ሎሚያቸውን፣ ጌሾአቸውን፣ ጤና አዳማቸውን የሚያዩ እናትና ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ተደግፈው የሚቀመጡ እናት እኩል ያረጃሉ? ከ65 ዓመት በላይ ላለ ሰው የሚመከረው ሚዛን የሚያስጠብቅና ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ነው፤ ቢያንስ በሳምንት 3 ቀን። እንዳይወድቁ ነው ምክንያቱ። ጎንበስ ቀና ማለቱ፣ በመደቦቹ መሀል መራመዱ ያንን ይሰጣል። ጉልበት የሚያማቸው ከሆነ መደቡን ከፍ አድርጋችሁ ሥሩላቸውና በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይሥሩ።

ደግሞ አንድ ነገር አለ። ጎረቤት ለጤና አዳም፣ ለዳማ ከሴ፣ ለበሶብላ ሲመጣ ቡናም ይፈላል፣ ወሬም ይወራል። ሽማግሌው ብቻቸውን አይውሉም።

እሺ፣ አሁን ኮሜንት ላይ የምትጽፉትን እኔው ልጻፈው። «መምህር፣ የምትኖረው ወለንጪቲ መሆኑን ረሳኸው? ውሃ ለመጠጥስ መቼ በቃን!»

አልረሳሁም። ሙቀቱንም አውቀዋለሁ፣ የጀሪካኑን ወረፋም አውቀዋለሁ። ስለዚህ ሒሳብ እንሥራ። ሁለት ካሬ ሜትር መደብ በቀን ግማሽ ጀሪካን ውሃ ገደማ ይበቃዋል። ሽሮ ሜዳ የሚያህል ቦታ ቆፍሩ አላልኩም፤ ሁለት ካሬ ሜትር ነው። አትክልት ያጠባችሁበት፣ እጅ የታጠባችሁበት፣ ልብስ ለመጨረሻ ጊዜ ያለቀለቃችሁበት ውሃ ተጠራቅሞ ግማሽ ጀሪካን አይሞላም? (የሳሙናውን ውሃ ለፓፓያና ለሎሚ ሥር ስጡት፣ በጥሬው የሚበላ ሰላጣ ላይ አታፍስሱት።) ክረምት ላይ ደግሞ 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 400 ሊትር ነው። ሃያ ጀሪካን ማለት ነው! ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይሄ ሁሉ በበራችን በጎርፍ ያልፋል።

የምታጠጡት ማለዳ ወይም ማታ ይሁን፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ናት የምትጠጣው። መደቡን በጭድ ወይም በደረቅ ሣር ሸፍኑት፣ እርጥበቱን ይይዛል። ፍግ ጨምሩበት። ግቢ የሌላችሁ ተከራዮች በጆንያ፣ በተሰነጠቀ ጀሪካን፣ በአሮጌ ጎማ መትከል ትችላላችሁ፤ ቤት ስትቀይሩ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። ድርቅ የሚችል ከፈለጋችሁ ሽፈራው አለላችሁ፣ ኮንሶዎች ቅጠሉን እንደ ጎመን የሚበሉት። ምርጥ ዘር ደግሞ ጎረቤታችን ነው ያለው። የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ቅርባችን ነው። መልካሾላና መልካሳልሳ የሚባሉት ቲማቲሞች ከየት እንደመጡ ስማቸው ራሱ ይነግራችኋል።

ግን ሦስት ማስጠንቀቂያ፤ እንደ መምህር ሳልናገር ብቀር ኅሊናዬ አይፈቅድም።

አንደኛ፣ ያጠራቀማችሁትን ውሃ ክደኑት። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባል አዲስ የወባ ትንኝ በአገራችን መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ነው። ይቺ ትንኝ ረግረግ አትጠብቅም፤ ከተማ ውስጥ በበርሜልና በታንከር ውሃ ትራባለች። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት ሆናለች፣ እንደ አዋሽ ሰባት ባሉ ከተሞችም ተገኝታለች። ክዳን የሌለው በርሜል ካላችሁ ጓሮው ጤና ሳይሆን በሽታ ያመጣል።

ሁለተኛ፣ በባዶ እግር አትግቡ፣ ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የአንጀት ትላትል በአፈር ይመጣል። ዶማ ወይም ሚስማር የወጋው ሰው ደግሞ ለመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ሦስተኛ፣ ለሁለት ካሬ ሜትር መደብ የፀረ ተባይ ኬሚካል አትግዙ። ትሉን በእጅ ልቀሙት። ልጆች እዚያ ነው የሚጫወቱት።

ወደ ትምህርት ቤት ልመለስ። በዚህ አገር የትምህርት ቤት ግቢ ለጤና ሲውል ይሄ የመጀመሪያው አይሆንም። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በዩኤስኤአይዲ ድጋፍ በኤችአይቪ የተጎዱ ሴቶችና ሕፃናት በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች አትክልት የሚያለሙበት ፕሮግራም ነበር። ከሚያለሙበት ቦታ የትምህርት ቤት ግቢዎች ይገኙበት ነበር። መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ምግብ ያስፈልገዋል፣ ሰውም ያስፈልገዋል፤ ሁለቱን እዚያ አገኙ። ዛሬ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት አለ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርትም እርሻ ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኗል። ክፍል ውስጥ በመጽሐፍ እያስተማርነው፣ ደጅ ወጥተን በዶማው እየቀጣንበት እንዴት ይሆናል?

ለመምህራን ጓደኞቼ የምለው ሦስት ነገር ነው። ቅጣቱና ጓሮው ይለያዩ። ያረፈደ ልጅ ያመለጠውን ትምህርት ከክፍል በኋላ ቁጭ ብሎ ያካክስ፣ ወላጁ ይጠራ፤ ሥርዓት ይከበር አይከበር እያልኩ አይደለም። ሁለተኛ፣ ለየክፍሉ አንድ አንድ መደብ ይሰጠውና ስሙ ይጻፍበት፤ 9ኛ «ኤ» ከ9ኛ «ቢ» ጋር ይፎካከር። ሦስተኛ፣ የደረሰውን ምርት የተከሉት ልጆች ይውሰዱት ወይም ራሳቸው ይወስኑበት። ልፋቱ የነሱ፣ ጎመኑ የሌላ ሰው ከሆነማ ያው ቅጣት ነው። የሚኒ ሚዲያ ማይክ ለማን ነው የሚሰጠው? ለጎበዝ ልጅ ነው፣ ልጆች ይጣሉበታል። ዶማውም እንደዚያ ይሁን። የታመነ ልጅ ይያዘው።

ለወላጆች ደግሞ፦ ልጃችሁን ስታስጠኑ በዶማ አታስፈራሩት። «ተምረህ ዶማውን በዕውቀት ትይዘዋለህ» በሉት።

ለእናንተ፣ ፈተናው ላልቀናችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፦ ደግማችሁ የምትፈተኑ ተፈተኑ፣ ሙያ የምትማሩ ተማሩ፣ ስለናንተ ተስፋ አልቆረጥኩም። እስከዚያው ግን ጠዋት ጠዋት ግማሽ ሰዓት ጓሮ ውጡ። ማንም እየቀጣችሁ አይደለም። በመስኮት የሚስቅባችሁም የለም። ዘር መግዣ ያጣ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ የቆስጣና የጎመን ዘር አለኝ፣ እንካፈላለን።

በጓሯችሁ፣ በበረንዳችሁ፣ በጣሳም ቢሆን የተከላችሁት ካለ ፎቶውን ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ። የማትስማሙም ካላችሁ ጻፉልኝ፣ በተለይ መምህራን። ሐሳቡ ይድረስ ካላችሁ ሼር አድርጉት።

መልካም ሳምንት!